አራተኛው ክብ

ካራማት የአገሩን ካርታ በሙሉ ሳሎን ወለል ላይ አነጠፈው። አገሩ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሰሜኑ ከሶፋው ሥር ገባ፣ ምዕራቡ የጫማ መደርደሪያውን ነካ፣ ምሥራቁ ላይ ድመቷ ተኛችበት።

«በቃ፣ በረሃውን ድመቷ ይዛዋለች» አለ ያቫር። «ወደዚያ አንሄድም ማለት ነው።»

«አንተን እዚያ ትተንህ እንመለሳለን» አለችው እህቱ ናርዳን። «ከድመቷ ጋር በጠባይ ትግባባላችሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እናቷ ጎልኔሳ ግን ሳቋን ጀምራ መሃል ላይ ተወችው።

አዲሱ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የቡሽህር አየር ከአሁኑ ማላብ ጀምሯል። በዚህ ወቅት ሰው ሁሉ ቤቱን አጥቦ፣ መኪናውን ጭኖ፣ ልቡ ወዳሰበው ይሄዳል። የካራማት ቤተሰብ ብቻ ሄዶ አያውቅም። ካራማት ዓሣ ሻጭ ነው፤ ዓሣ ሻጭ በበዓል እንኳን አገር ሊጎበኝ እጁን የሚታጠብበት ጊዜ የለውም። ዘንድሮ ግን ማንም ሳይለምነው ተነስቶ «እንሄዳለን» አለ። ናርዳን ያኔውኑ መጠርጠር ነበረባት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የዓሣ ሻጭ ልጅ ሆና፣ በነጻ የሚሰጥ ዓሣ ምን ዓይነት ዓሣ እንደሆነ የማታውቅ አይደለችም።

«አራት ሰው፣ አራት ቦታ» አለ ካራማት፣ ቀይ እስክሪብቶውን እንደ ዳኛ ወደ ላይ አንስቶ። «እያንዳንዱ አንድ ይመርጣል። የመረጠ መርጧል። ማልቀስ የለም፣ መቀየር የለም።»

ያቫር እጁን አወጣ። «በረዶ!»

«በረዶ ከተማ ነው እንዴ፣ አንተ ደደብ?» አለች ናርዳን።

«ያለበት ከተማ ይፈለግልኛ! የእኔ ሥራ መምረጥ ነው።»

ካራማት ሶፋውን ገፋ አድርጎ፣ ሰሜን ላይ ከሰባላን ተራራ ሥር ቀይ ክብ አደረገለት። ጎልኔሳ ኢስፋሃንን መረጠች። በሠርጋቸው ሰሞን አብረው የቆሙበት ድልድይ አለ፤ ውሃው ከሥር ሲሄድ ድልድዩ የሚሄድ ይመስል ነበር አለች። ክብ ተደረገላት። ከዚያ ካራማት ካርታውን እንኳ ሳያይ፣ «የእኔ አርዳቢል ነው። እህቴ እትዬ ኤሽራት ዘንድ» አለ። እስክሪብቶው አርዳቢልን አንዴ ዞራት፤ ደግሞ ዞራት። ጎልኔሳ «ድስቱ ሊያርብኝ ነው» ብላ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ ድስት አልነበረም።

ናርዳን ጣቷን ከአርዳቢል ወደ ታች አንሸራተተችው፤ ተራራው አልቆ ጫካው ባህር ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ። «የእኔ ይሄ ነው።»

«ባህር በራችን ላይ ተኝቶ ባህር ፍለጋ!» አለ ያቫር። «ዓሣ ሻጭ ዓሣ ሊገዛ ገበያ ወጣ አሉ።»

«የእኛ ባህር እንደ አንተ ነው፣ ሁልጊዜ ያልበዋል። ያኛው ዝናብ ይዘንብበታል። ክበበው አባባ።»

ካራማት እስክሪብቶውን ከደነ። «የአንቺ መጨረሻ ይሁን።»

«ይሁን፣ ግን ክብ ይደረግበት።»

«ስንደርስ እናደርገዋለን።»

«ቃል?»

«ቃል» አለ፤ ጣቷንም ከካርታው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው፤ ትኩስ ነገር ላይ ያረፈ ጣት እንደሚያነሱት።

በወደቡ ላይ «ካራማት አለ» ከተባለ ሚዛን አያስፈልግም ይባላል። ናርዳን ይህን ስለምታውቅ ካርታውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ሦስት ቀይ ክቦች ያሉበትን።

*

ዕቃ ሲሸከፍ ሌላ ነገር መጣ። ለብርዱ አገር የሚሆን ካፖርት ጎልኔሳ ከጎረቤት ተዋሰች፤ ለራሷ፣ ለባሏ፣ ለያቫር። ለናርዳን ግን አዲስ ተገዛላት። ያውም ሰፊ። እጅጌው ጣቶቿን ውጦ ይንጠለጠላል።

«እማዬ፣ ይሄ ለእኔና ለጎረቤታችን ለወፍራሟ ነው የተገዛው?»

«ታድጊበታለሽ።»

«የት? ቡሽህር ውስጥ? እዚህ ካፖርት ለብሼ ብወጣ ፍየሎቹ እንኳ ተከትለው ይስቁብኛል።»

ጎልኔሳ እንባ በቋጠረ ዓይን እጅጌውን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው። በማግስቱ ናርዳን የሻንጣዋን ዚፕ ስትከፍት ከታች ትራሷን አየችው። የገዛ ትራሷን፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትተኛበትን፣ ጥጉን አኝካ የጨረሰችውን። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ትራስ ይዞ አይሄድም። «እናቴ ማርጀት ጀመረች» ብላ ዚፑን ዘጋችው።

በመንገድ ላይ ደግሞ ደግነቱ በዛ። የፊቱን ወንበር ለእሷ ለቀቁላት። ዘፈን የምትመርጠው እሷ ሆነች። ያቫር አንድ አይስክሬም ሲገዛለት ለእሷ ሁለት ተገዛላት። በሌላ ጊዜ «ምላስሽን ሰብስቢ» የሚላት አባቷ፣ ያን ቀን ሙሉ ምላሷን እንደፈለገች ዘርግታ ስትውል አንድ ቃል አልተናገራትም።

«እንዲህ የሚቀለበው የሚታረድ በግ ብቻ ነው» አለች፣ ሁለተኛውን አይስክሬም እየላሰች። ልትቀልድ ነበር። የካራማት እጅ ከመሪው ላይ ተንሸራተተ፤ መኪናዋ አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ አስፋልቱ ተወዛወዘች።

«ያ ረቢ!» አለች ጎልኔሳ ከኋላ።

«ድንጋይ ነው» አለ ካራማት። ድንጋይ ግን አልነበረም።

*

ኢስፋሃን ሲደርሱ ወንዙ ደርቋል። ድልድዩ ቅስቶቹን ደርድሮ፣ ውሃ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ጭቃ ላይ ቆሟል። ጎልኔሳ ከድልድዩ መሃል ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ ቆየች። «እዚህ ነበር» አለች። 

ከድልድዩ ማዶ ነጭ የለውዝ ጣፋጭ የሚሸጥ የአንድ ሽማግሌ ሱቅ ነበር። ካራማት ለኤሽራት የሚሆን ትልቅ ሳጥን አስጠቀለለ። ያቫር ዓይኑን ትንሿ ሳጥን ላይ ተክሎ «ስንት ነው አባባ?» ብሎ ሽማግሌውን ጠየቀ።

«ምን አላት ልጄ፣ ለአንተ ብትሆን!» አለ ሽማግሌው ደረቱን እየነካ። «ውሰዳት፣ የአንተ ናት።»

ያቫርም ወሰዳት። «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ከሱቁ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስም ከፍቶ አንዷን ጎረሰ።

የሽማግሌው ፈገግታ እንዳለ ቀረ፣ ከፈገግታው በላይ ያለው ፊት ግን ተለወጠ። ካራማት በሁለት እርምጃ ደርሶ ልጁን በጆሮው ጎትቶ መለሰው። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሽማግሌው «ኧረ በፍጹም!» አለ፣ ካራማት ለመነ፣ ሽማግሌው እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ልመና ገንዘቡን ተቀበለ። ሁሉም ነገር ወግ ወጉን ያዘ።

«ግን እሱ ነው ውሰድ ያለኝ!» ያቫር ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል።

«ሰው 'የአንተ ነው' ይላል፤ የተባለው ደግሞ 'አላህ ለአንተው ያኑርልህ' ይላል። እንዲህ ነው የሚኖረው። እንደወረደ የሚወስድ ሰው ምን ይባላል? ባለጌ ይባላል!»

«ሳያስብ የሚለውስ?» አለች ጎልኔሳ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ምን ይባላል እሱ?»

ካራማት የጣፋጩን ሳጥን ታቅፎ ወደ መኪናው ሄደ።

ናርዳን ከድልድዩ ጥግ ቆማ ቀረች። የእናቷ ጥያቄ አንድ ነገር አስታወሳት። ባለፈው ብርድ ጊዜ አክስቷ ኤሽራት ከአርዳቢል ብርድ ሸሽታ ቡሽህር መጥታ ነበር። የእናቷ ዘመዶች ሁሉ ሰላም ሊሏት ቤቱን ሞልተውት፣ ናርዳን ትሪ ይዛ ሻይ ታዞራለች። አክስቷ አገጯን ይዛ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት ካራማት! እጇ ሻይ አያፈስም፣ አፏ ሳቅ አያጣም» አለች። አባቷም፣ ማንም አባት እንደሚለው፣ ደረቱን ነክቶ «የእርስዎ ናት እትዬ፣ ይውሰዷት» አለ። አክስቷ «ለአንተው ያኑርልህ» ማለት ነበረባት። አላለችም። አገጯን እንደያዘች ዙሪያዋን አይታ «ተቀበልኩ» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ናርዳንም ስቃለች፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እንዲያውም እሷ ናት። አሁን ስታስበው ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። አገጯን የያዘችው።

ካፖርቱ። ትራሱ። ያልተከበበው ክብ።

«ናርዳን፣ ነይ እንጂ!» አለ ካራማት ከመኪናው። «የፊቱን ወንበር ይዤልሻለሁ!»

ከኋላ ገብታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

*

ነዳጅ ሲቀዱ፣ ወንዶቹ ወርደው ሳለ፣ እናቷን ጠየቀቻት። መዞር አላስፈለጋትም። «ልትሰጡኝ ነው የምትወስዱኝ?»

ጎልኔሳ ፔርሙሱን ከፍታ ሻይ ስትቀዳ ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። «ደወለች» አለች። «ሳምንት ሳያልፍ ደወለች፤ ቀልድ መስሎን ሳቅንላት። ሁለተኛ ስትደውል ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ አለች። ቀጥላ የጫማሽን ቁጥር ጠየቀችኝ።»

«ነገርሻት?»

«ምን ልበላት ልጄ? አባትሽን በጨርቅ ጠቅልላ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አልዳኸም ነበር፤ ለእሱ ስትል ባል ሳታገባ ቀረች። እሱ ደግሞ ለውትድርና ብሎ ወደ ደቡብ ወረደ፣ እኔን አገኘ፣ ሳይመለስ ቀረ። አሁን 'እትዬ፣ ያልኩት አፌን ለማሟሸት ነው' ብሎ ምኑን ይዞ ፊቷ ይቆማል?»

«ታዲያ እኔ ምኑ ነኝ? አፍ ማሟሻው?»

ካራማት ተመለሰ። ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ቀሚሷ ላይ የፈሰሰውን ሻይ አየ። እንደታወቀበት ገባው። 

«ራሷ ትተወዋለች» አለ በሩን እንደያዘ። «ትልቅ ሰው ናት። ስንደርስ፣ ዓይንሽን ስታይ፣ ራሷ 'ይቅር' ትላለች። እኔ አፍ ሳልከፍት።»

«ባትልስ?»

«ትላለች።»

«ባትልስ አባባ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ካራማት አፋፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ይመስል ነበር። መኪናዋን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ዘፈን የመረጠ የለም። ከመስኮቱ ውጭ አገሩ ልብሱን ይቀያይራል፤ ቢጫው በረሃ አለቀ፣ ቀዩ ተራራ መጣ፣ የአልሞንድ አበባ መጣ፣ ጥቁር ደመና መጣ። ናርዳን ሁሉንም ልታየው ስትመኝ የኖረችው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ያለፈ ኮረብታ ከኋላዋ እንደሚዘጋ በር ሆነባት።

«በረዶ!» ብሎ ጮኸ ያቫር። «አየሁት! የእኔ ቦታ ደረሰ!»

ካራማት መኪናዋን አላቆመም።

*

ኤሽራት ትንሽ ናት። ናርዳን በመንገዱ ሙሉ የምታውቃትን አክስቷን ጥርስ ያላት ትልቅ ሴት አድርጋ ስትስላት መጥታ፣ በሩን የከፈተችላቸው ያችው ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ እጇ የሚሞቅ፣ ድምጿ ማር የመሰለ አሮጊት ሆነች። ይሄ ይበልጥ አስፈራት። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል፤ ከጣፋጭ ሰው ጋር በምን ይጣሉታል?

«ነይልኝ የእኔ ዓይን» አለች ኤሽራት፣ ሌሎቹን በእጇ እንደ መጋረጃ ገለል አድርጋ። «ክፍልሽን ላሳይሽ።»

ክፍሉ ሐምራዊ ተቀብቷል። አልጋ፣ መስታወት፣ ማበጠሪያ። ከአልጋው ሥር አዲስ ነጠላ ጫማ፣ ልክ በቁጥሯ። አልጋው ላይ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፤ ትራስ ግን የለም።

«ትራስ አላደረግሁልሽም» አለች ኤሽራት። «ሰው ያለ ገዛ ትራሱ እንቅልፍ አይወስደውም። እናትሽን ይዘሽ ነይ በያት ብያታለሁ።»

ናርዳን ምላሷ ደረቀባት። ምላሷ ሲደርቅ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ... አስቸጋሪ ልጅ ነኝ። ሰው ይጠይቁ። ሻይ አፈሳለሁ።»

ኤሽራት ሳቀች። «ይፍሰስ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሴት ልጅ ሳትኖርበት አይተነፍስም። አንድ ልጅ አሳድጌ ለባህር ሰጠሁ፤ ባህሩም አንድ ይመልስልኝ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። ዋጋ ተናግሮ እንደጨረሰ ነጋዴ ነው ያለችው።

ካራማት በመጀመሪያው ምግብ ላይ አፍ አልከፈተም። በሁለተኛውም አልከፈተም። እህቱ ሩዙን ስትጨምርለት እንደ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ናርዳን አየችውና ገባት፦ ይህ ሰው ቡሽህር ላይ ሰባት ጀልባ ያለው ነጋዴ የማይደፍረው ካራማት አይደለም፤ እዚህ ቤት ሲገባ ገና መዳህ ያልጀመረው ልጅ ነው። ከእሱ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ስለዚህ ራሷ አሰበች።

በማግስቱ ከሰዓት የኤሽራት ጎረቤቶችና ዘመዶች ለኖውሩዝ ሰላምታ መጡ። የእንግዳ ክፍሉ ወለል ላይ የሐር ምንጣፍ ነበር፤ ቀዩ እንደ ሮማን ፍሬ፣ የኤሽራት እናት ለገዛ ሠርጓ የሠራችው። ያቫር ካልሲው እርጥብ ሆኖ ሲረግጠው ኤሽራት ፊቷ እንዴት እንደነጣ ናርዳን ጠዋት አይታ ነበር። እንግዶቹ ተደርድረው ሲቀመጡ ሻዩን አዞረች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ትሪውን አስቀመጠችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንጣፍ እንዴት ያምራል! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ምንጣፍ አላየሁም።»

እንግዶቹ ወደ ኤሽራት ዞሩ። በዚያ አገር ከዚህ በኋላ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኤሽራትም ደረቷን ነካች።

«ምን አለው የእኔ ዓይን። ውሰጂው፣ የአንቺ ነው።»

«ተቀበልኩ» አለች ናርዳን።

ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ቀረ። ከጥግ አንድ ሽማግሌ የስኳር ቁራጩ አምልጦት ተሰበረበት።

«ያቫር፣ ና! ያንን ጫፍ ያዝ፣ እንጠቅልለው።»

ያቫር፣ የዘንድሮን በዓል ሁሉ ይሄን ሲጠብቅ እንደኖረ፣ ዘሎ ጫፉን ያዘ። እንግዶቹ እግራቸውን እያነሱ መንገድ ለቀቁ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

«ናርዳን!» አለ ካራማት። ፊቱ ከምንጣፉ ይልቅ ቀልቷል። «አብደሻል?»

«ምን አጠፋሁ አባባ? 'የአንቺ ነው' አሉኝ፣ ተቀበልኩ። ወይስ እንዲህ የሚባለው ለወጉ ነው? ለወጉ ከሆነ አክስቴ ይንገሩኝና ልተወው። በቃ 'ለወጉ ነው' ይበሉ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁሉም።»

ከእንግዶቹ ነገሩ የገባው ገባው። ያልገባው ደግሞ የገባውን ሰው ፊት አየ። ጎልኔሳ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ናርዳን የምንጣፉን ጫፍ ጨብጣ አክስቷን ተመለከተች፤ ልቧ ሲመታ ምንጣፉ የሚንቀሳቀስ መሰላት። አሁን፣ አሁን ትላለች። ምንጣፉን ከሰጠች አበደች፤ ካልሰጠች አባቴ ነጻ ነው።

ኤሽራት ምንጣፉን አየች፣ ልጅቷን አየች።  ከዚያ ቀስ እያለች ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋም እውነተኛ ነበር፣ የመጣው ከልቧ ነው።

«ጠቅልዪው» አለች። «ክፍልሽ ውስጥ እናነጥፈዋለን፤ የክፍልሽ ወለል ባዶ ሆኖ ሲከነክነኝ ነበር። ልሰጥሽ ስል ቀደምሽኝ እኮ፣ አንቺ ምላሰኛ! የዚህ ቤት ዕቃ ከዛሬ ወዲያ የአንቺ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«ማሻአላህ!» አሉ እንግዶቹ እፎይ ብለው። «እንዴት ያለች አክስት ናት!» አጨበጨቡላትም።

ሁለት ጎልማሶች ተነስተው ምንጣፉን ከናርዳን እጅ ተቀበሏት። ተሸክመውት ወደ ሐምራዊው ክፍል ሲገቡ፣ በዚህ ቤት የምትጨብጠው ነገር ሁሉ እሷኑ ጎትቶ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባት አየች።

*

በመሄጃቸው ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጎረቤቶቹ ሊሸኙ በየበራቸው ወጥተዋል። ከመኪናዋ ኋላ የተጫነው ሻንጣ ከመጣው አንድ ያንሳል። ኤሽራት መንገደኞቹ በሥሩ አልፈው እንዲባረኩ ቁርኣኑን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ካራማት በሥሩ አለፈ፣ ጎልኔሳ አለፈች፣ ያቫር አለፈ። ናርዳን ልታልፍ ስትጠጋ ኤሽራት እጇን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ የምትሄጂው የት ነው?» አለች በለሆሳስ፣ በፍቅር። ከቤት ውስጥ ውሃ የሞላ የመዳብ ሳህን፣ አረንጓዴ ቅጠል የተንሳፈፈበት፣ አምጥታ በሁለት እጇ አስያዘቻት። «መኪናዋ ስትነሳ ከኋላቸው ትረጪዋለሽ። በሰላም እንዲመለሱ።»

ናርዳን ሳህኑን ያዘች። ይህን ውሃ ሲረጩ አይታ ታውቃለች። የሚረጨው ሁልጊዜ የሚቀር ሰው ነው።

ካራማት መኪና ውስጥ ገብቶ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ወደ ልጁ አይዞርም። ጎልኔሳ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አልገባችም፣ አልተመለሰችም።

ናርዳን ሳህኑን አነሳችና ጠጣችው። ጥርሷ ድረስ ቀዘቀዛት፣ ቅጠሉ አፍንጫዋን ነካው፣ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው። ሳህኑን ገልብጣ ለጎረቤቶቹ አሳየች።

«ጠማኝ» አለች።

ያቫር ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

ከካፖርቷ ኪስ ካርታውን አውጥታ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ የሞተሩ ክዳን ላይ ዘረጋችው።  «አባባ። አራት ሰው፣ አራት ቦታ አልክ። ሦስት ክብ ነው ያለው። የእኔን 'ስንደርስ' አልከኝ፤ 'ቃል' አልከኝ። ደረስን እኮ።»

«ናርዳን፣ ሰው ፊት...» አለ ካራማት።

«ሰው ፊት አይደል እኔንስ የሰጠኸኝ?»

ኤሽራት ተጠጋች። አሁንም ድምጿ አልተለወጠም። «ለልጅ የተባለ ነገር ቃል ነው እንዴ የእኔ ዓይን? ለልጅ ብዙ ይባላል።»

«በልጅ ላይ የተባለው ከተቆጠረ፣ ለልጅ የተባለውስ ለምን አይቆጠርም?»

ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንዲት ሴት «እውነቷን ነው» ብላ አፏን ያዘች። ካራማት ካርታውን በፊት መስታወቱ በኩል አየው፤ ከማዶ አገሩ ተዘርግቷል፣ ሦስቱ ክቦች ቀልተዋል። ከመኪናው ወረደ። ኪሱን ዳበሰ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። እንዲህ ሲያደርግ ግንባሩ በዚያ ብርድ ላብ ነበረው።

«እትዬ» አለ። ድምጹ ቀጠነ። «ለእሷም... ለእሷም ቃል አለብኝ።»

 ለመጀመሪያ ጊዜ በእህቱ ፊት ስለ ልጁ አፉን ከፈተ።

ኤሽራት ወንድሟን አየችው። ከዚያ ጎረቤቶቿን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ፈገግታዋ ተመለሰ፤ ይሄኛው ግን ከልብ አልነበረም።

«ትሂድ» አለች። «ባህሯን ትይ። ለልጅ ባህር ይከለከላል? ከባህሩ ትመልሱልኛላችሁ። ትራሷ እዚሁ ነው፣ ምንጣፏ እዚሁ ነው።» ወደ ናርዳን ተጠግታ ካፖርቱን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አወለቀችላት። ቁልፎቹን ስትፈታ ጣቶቿ ይሞቁ ነበር። «ካፖርቷም ይቆየኝ። ታች ባህሩ ዳር ሙቀት ነው፤ ወደዚህ ስትመለስ ግን ያስፈልጋታል።»

ናርዳን በቀሚሷ ብቻ እየተንቀጠቀጠች መኪናዋ ውስጥ ገባች። የፊት ወንበር ላይ።

መኪናዋ ተነሳች። ናርዳን በስፖኪዮው አየች፤ ኤሽራት ሳህኑን ከቧንቧው ሞልታ ከኋላቸው ረጨች። ውሃው በድንጋዩ ላይ ሮጦ ወዲያው በረዶ ሆነ፣ አበራ። ሞልታ ደገመችው።

መንገዱ ጫፍ ላይ ካራማት ቆመ። ወደ ቀኝ ተራራውን ወርዶ ወደ ባህሩ ይወስዳል። ወደ ግራ ወደ ደቡብ፣ ወደ ላባሙ ባህር፣ ወደ ድመቷ። የቀኙን ፍሬቻ አበራ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«በይ» አለ። ካርታውን ጉልበቷ ላይ አድርጎ እስክሪብቶውን ሰጣት። «ክበቢው። ከባህሩ በኋላ ግን... ሰምተሻታል። እኔ እዚያ ድረስ ነው የማውቀው።»

ናርዳን እስክሪብቶውን ያዘች። ባህሩ እዚያው ነበር፤ ከጣቷ ሥር፣ አረንጓዴ፣ ዝናብ የሚዘንብበት። ከአርዳቢል አንድ ጣት ብቻ ይርቃል። አንድ ጣት ደግሞ ለኤሽራት ምንም አይደለም።

የካርታውን ታች ገልጣ ቡሽህርን ከበበች።

«ይሄማ ቤታችን ነው!» አለ ያቫር። «ቤት መምረጥ አይቻልም!»

«የመረጠ መርጧል» አለች ናርዳን። «መቀየር የለም።»

ካራማት ክቡን አየ። «ትራስሽስ?»

«ይቅር።»

ከኋላ ጎልኔሳ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከቡሽህር ጀምሮ ይዛው የመጣችው ይመስል ነበር። የተዋሰችውን ካፖርት አውልቃ በልጇ ትከሻ ላይ ጣለችላት። ካራማት እጁን ሰደደ። የቀኙን ፍሬቻ አጠፋ። ለአንድ አፍታ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ የግራው ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ያቫር በኋላ መስኮት ዞሮ በጉልበቱ ተቀምጧል።

«አባባ» አለ።

«ምንድን ነው?»

«አክስቴ ፍሬቻውን አየችው። መርጨቷን አቁማ ነበር።»

«እሺ?»

«አሁን ባልዲ አመጣች።»